አይብ ከየት ይገዛ? የሐዋሳ ገዢ ሦስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ሐዋሳ ውስጥ አይብ ለመግዛት የወጣ ሰው ዛሬ ሦስት ዓይነት ሻጮችን ያገኛል። የመጀመሪያዋ በገበያ መደዳ ላይ ለጋ አይብ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ወይም በሳህን ከምራ የምትሸጥ እናት ናት። ሁለተኛው በፋብሪካ የታሸገ ሞዛሬላ፣ ፕሮቮሎኔ፣ ጎዳ ወይም በሦስት ማዕዘን የተጠቀለለ የሚቀባ አይብ በፍሪጅ ደርድሮ የሚያቀርበው ሱፐርማርኬት ነው። ሦስተኛው፣ እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ገና ብርቅ የሆነው፣ ወተት ከሚያውቃቸው አርቢዎች ተረክቦ ራሱ የሚያረጋ፣ ራሱ የሚጨምቅ፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት በመደርደሪያ ላይ አቆይቶም በገዢው ፊት ቆርጦ የሚሸጥ አነስተኛ የአይብ ሱቅ ነው። ይህ መመሪያ በእነዚህ በሦስቱ መካከል ለሚያመነታ ገዢ የተዘጋጀ ነው።

ሦስቱን በደረጃ ደርድሮ አንዱን ምርጥ፣ ሌላውን ተራ ማለት ገዢውን አይጠቅመውም፤ የሚሸጡት ነገር አንድ ዓይነት አይደለምና። ለጋ አይብ በተሠራ በማግስቱ ሊያልቅ የሚገባው ምግብ ሲሆን፣ የቆየ ጠጣር አይብ ወይም በተለምዶ ፎርማጆ የምንለው ደግሞ ዋጋውን የሚያገኘው በመቆየቱ ነው። እኔ የደረስኩበት አቋም ይህ ነው፦ ለጋ አይብ ከገበያ፣ የቆየ ጠጣር አይብ ራሱ ከሚሠራው ሱቅ መግዛት ይሻላል፤ የፋብሪካው ምርት የሚመረጠው ደግሞ ወተቱ ስለ መፈላቱ፣ ማለትም ጀርም በሚገድል ሙቀት ስለ መሞቁ፣ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሲያስፈልግ ወይም አይቡ ምድጃ ውስጥ ገብቶ መቅለጥ ሲኖርበት ነው። ከሦስቱ አንዱን በጭፍን ደንበኛ አድርጎ ሁሉንም ከእሱ መግዛት ገንዘብም ጣዕምም ያሳጣል።

አይቡ ምን ላይ ሊውል ነው?

ምርጫው ከዚህ ጥያቄ መጀመር አለበት። ለክትፎ፣ ለጎመን ክትፎና ከዶሮ ወጥ ጋር ለሚቀርበው አይብ ከለጋው የሐበሻ አይብ ሌላ አማራጭ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጨው የሌለው ወይም ጥቂት ብቻ ያለው፣ ጎምዘዝ የሚል፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ በቀላሉ የሚቀበል እሱ ነው። የዶሮ ወጡን ማቃጠል የሚያለዝበውም በልማድ ብቻ አይደለም፤ ኬሲን የተባለው የወተት ፕሮቲን ከበርበሬው አቃጣይ ንጥረ ነገር ጋር ስለሚጣበቅ ምላስ ላይ የሚቀረውን ትኩሳት ይቀንሰዋል። ከቆጮ ጋር፣ ወይም እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ዋሳ ከሚባለው የእንሰት ምግብ ጋር ለሚቀርብ ገበታም እንዲሁ ለጋው አይብ ነው የሚስማማው። በሱፐርማርኬት የሚገኘውን ጨው የበዛበት የሚቀባ አይብ በዚህ ቦታ ለመተካት መሞከር ምግቡን ያበላሸዋል።

በተቃራኒው ለጋ አይብ ፒዛ ላይ ቢነሰነስ አይቀልጥም፤ ይደርቃል፣ ከዚያም ጠርዙ ይቃጠላል። ይህ የሆነው የሐበሻ አይብ የሚረጋው በጉምዘዛና በሙቀት ስለሆነ ነው፤ በዚህ መንገድ የረጋ ፕሮቲን ዳግም ቢሞቅ ውኃውን ይለቃል እንጂ አይላላም። ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ ግን ከረጉ በኋላ በሙቅ ውኃ ውስጥ ታሽተው ስለሚሳቡ ፕሮቲናቸው በክር መልክ ይደረደራል፤ ምድጃ ውስጥ ቀልጠው የሚሳቡትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ፒዛ ወይም ላዛኛ የሚጋግር ሰው ያለ ማቅማማት ወደ ሱፐርማርኬቱ ይሂድ። በፓስታ ላይ ለሚፈገፈግ፣ ከዳቦ ጋር ለሚቆረጥ፣ ለእንግዳ ከማርና ከፍራፍሬ ጋር ለሚቀርብ አይብ ደግሞ የአነስተኛው ሱቅ ጠጣር አይብ ሌሎቹን ሁለቱን በሩቁ ይበልጣቸዋል።

የገበያው ለጋ አይብ

አሠራሩን ያወቀ ገዢ መመርመሩንም ያውቅበታል። ወተቱ በወይራ ወይም በሌላ መዓዛማ እንጨት በታጠነ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይጠራቀምና ይረጋል፤ እርጎው ተንጦ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በቀስታ እንዲሞቅ ይደረጋል። ሙቀቱ እንደ ባለሙያዋ ልማድ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። የረጋው ክፍል ሲለይ አጓቱ ይጠለላል፤ የቀረው አይብ ነው። ክብደቱ ከመቶ እጅ ሰባ አምስት እስከ ሰማንያ የሚሆነው ውኃ ሲሆን፣ ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣ ስቡ አነስተኛ፣ ፕሮቲኑ ግን ከፍተኛ ነው። ሥጋ በተወደደበት ጊዜ ለቤተሰብ ፕሮቲን የሚያስገኝ ከዚህ የረከሰ ምግብ ማግኘት ያስቸግራል።

ከአንዷ ሻጭ ወደ ሌላዋ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከማሞቂያው እሳት የሚመጣ ነው። አሬራው ከመጠን በላይ ከሞቀ አይቡ ፍርፍሩ ይደርቃል፣ በጥርስ ሲነከስ ይለጠጣል፣ ቅመም አይቀበልም። በቂ ሙቀት ካላገኘ ደግሞ ልስልስና ጣፋጭ ይሆናል፤ ነገር ግን አጓቱን ቶሎ ስለማይለቅና ጀርሞቹን ስለማይገድል በማግስቱ ይኮመጥጣል። ገዢው ጥቂት አይብ በቅጠል ላይ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ትንሽ ይጠብቅ፤ አጓቱ በብዛት ከወረደ የሚከፍለው ለውኃ ነው። ሽታው የጭስና የእርጎ ከሆነ ደግ ነው፤ የእርሾ ወይም የመረረ ቅቤ ሽታ ካለው ግን ቢረክስም አይወሰድ። ቀለሙ ከነጭ እስከ ፈዘዝ ያለ ክሬም ሊሆን ይችላል፤ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ የታየበት ሻግቷል ማለት ነው፣ ላዩን ገፍፎ መብላትም አይገባም።

የሐዋሳ ቀን ፀሐይ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ብትሆንም እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ በተለይ በበጋ ከ25 ዲግሪ በላይ ይሄዳል፤ ለጋ አይብ በዚህ ሙቀት ለሰዓታት ከዋለ ማምሻውን ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ አይብ በጠዋት ይገዛል። የኮባው ቅጠልም ለጌጥ አይደለም፤ አይቡን ከነፋስና ከአቧራ ይጠብቀዋል፣ እርጥበቱን ሳይቀማው ትንሽ ያስተነፍሰዋል፣ ከፌስታል እጅግ ይሻላል። ሻጯ በፌስታል ልትጠቀልል ስትል ከቤት የመጣ ክዳን ያለው ዕቃ ማቅረብ ቀላል መፍትሔ ነው።

የገበያው አይብ ትልቁ ድክመት ታሪኩ አለመታወቁ ነው። ወተቱ ከስንት ላም እንደተጠራቀመ፣ እሳቱ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ ዕቃው በምን እንደታጠበ የሚናገር ወረቀት የለም። ይህን ጉድለት የሚሞላው ደንበኝነት ነው። አንዲትን ሻጭ ይዞ፣ የምትመጣበትን ቀን አውቆ፣ «እማዬ፣ ይሄ የዛሬ ነው የትናንት?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ በዚህ ገበያ ውስጥ ማኅተም ካለው ወረቀት ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ ደንበኛዋን ላለማጣት ስትል የትናንቱን የትናንት ነው ትላለችና። ቅቤ በብዛት በሚናጥባቸው የበዓል ሰሞኖች፣ ለምሳሌ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ዋዜማ፣ አሬራም አብሮ ስለሚበዛ ለጋ አይብ ለመግዛት ጥሩ ጊዜ ነው።

የሱፐርማርኬቱ የታሸገ አይብ

ስለዚህኛው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጥንካሬውም ድክመቱም በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ ዙሪያ ፋብሪካዎች የሚመጣው ምርት ከፓስቸራይዝድ ወተት የሚሠራ ሲሆን፣ ይህ ማለት ወተቱ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰኮንድ ያህል ሞቋል ማለት ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአረጋዊና በሕመም ምክንያት የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ይህ ከጣዕም በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን በጥንቃቄ ይነበቡ። አንደኛው የይዘት ዝርዝሩ ነው፤ «የፒዛ አይብ» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ የወተት ስብ ሳይሆን የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ዘይት የገባባቸው ናቸው፤ ይቀልጣሉ፣ ጣዕም ግን የላቸውም። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ወተት ካልተጻፈ ይተዉት። በሦስት ማዕዘን ተጠቅልለው የሚሸጡት የሚቀቡ አይቦችም፣ ከእነርሱ በጣም የታወቀው በ1921 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተጀመረው ላ ቫሽ ኪ ሪ ነው፣ ተራ አይብ ከማዋሃጃ ጨው ጋር እንደገና ቀልጦ የሚሠራባቸው ናቸው፤ ለልጆች የትምህርት ቤት ምሳ ምቹ ቢሆኑም ከቆየ አይብ ጋር አይወዳደሩም። ሁለተኛው የጊዜው ማብቂያ ቀን ነው። የሀገር ውስጥ ምርት በኢትዮጵያ፣ ከውጭ የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ሊጻፍ ስለሚችል፣ ቀኑን ከማመን በፊት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ የመንገዱ ጉዳይ አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አይቡ ያን መንገድ በቀዝቃዛ መኪና ይጓዝ ወይም በተራ ጭነት መኪና ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማሸጊያው ያበጠ፣ ውስጡ ውኃ ያቆረ ወይም ዘይት ጠርዙ ላይ የተጋገረ ከሆነ ቀኑ ባያልፍም አይግዙት።

ራሱ የሚሠራው አነስተኛ ሱቅ

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት፣ ሻጮችም በብዛት የሚጎዱት በዚህ ምርጫ ላይ ነውና።

የጠጣር አይብ አሠራር ከለጋው ይለያል። ወተቱ ሳይናጥ፣ ቅቤው በውስጡ እንዳለ፣ በጥቂቱ ከጎመዘዘ በኋላ ሬኔት በሚባል ማርጊያ እንዲረጋ ይደረጋል፤ የረጋው ይቆራረጣል፣ አጓቱ ይወጣል፣ በመጭመቂያ ይጨመቃል፣ በጨው ውኃ ውስጥ ይዘፈቃል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ክፍል በመደርደሪያ ላይ እየተገላበጠና እየተጠረገ ይቆያል። በዚህ ቆይታ ፕሮቲኑና ስቡ እየተሰባበሩ ጣዕም የሚባለውን ሁሉ ይፈጥራሉ። አንድ ወር የቆየው ለስላሳና ወተት ወተት የሚል ነው፤ ስድስት ወር የሞላው ጠንክሮ፣ ጨዋማ ሆኖ፣ መጨረሻው ላይ ጣፋጭነት ያለው ይሆናል። ይህን ልዩነት ከማሸጊያ ላይ ማንበብ አይቻልም፤ የሚታወቀው በመቅመስ ብቻ ነው። ሳያስቀምስ የሚሸጥ የአይብ ሱቅ ዋናውን ጥቅሙን ራሱ ጥሎታል ማለት ነው።

የአካባቢያችን ወተት ለዚህ ሥራ የተመቸ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። የሐበሻ ላም የምትሰጠው ወተት መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ስቡ ከፈረንጅ ላም ወተት ይበልጣል። ከሻሸመኔ በሐዋሳ አድርጎ እስከ ዲላ የሚዘልቀው አካባቢ ወተት የሚመረትበትና የሚገበያይበት ቀጠና ነው፤ እዚሁ ሐዋሳ ያለው የግብርና ኮሌጅም ለረጅም ዓመታት የእንስሳትና የወተት ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ስለዚህ ጥሩ አይብ ለመሥራት የጎደለው ወተት ወይም ዕውቀት አይደለም። የጎደለው ቅዝቃዜ ነው።

ይህ ነጥብ ሱቅ ለመምረጥ ዋናው መለኪያ ሊሆን ይገባል። ጠጣር አይብ በደንብ የሚቆየው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለውና እርጥበት ባልተለየው ክፍል ውስጥ ነው። ደጋ ላይ ያለ ሠሪ በድንጋይ ቤት ወደዚህ ሙቀት ሊጠጋ ይችላል፤ ሐዋሳ ውስጥ ግን ያለ ማቀዝቀዣ አይሆንም። እንግዲያው ገዢው የመጀመሪያ ጥያቄውን «አይቡ የሚቆየው የት ነው? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጀምር። ጄኔሬተር አለን፣ ወይም መብራት ከጠፋ ክፍሉን ዘግተን ሙቀቱን በቴርሞሜትር እንከታተላለን የሚል ሻጭ ሥራውን የሚያውቅ ነው። ጥያቄው የሚያስገርመው ሻጭ ካጋጠመ ግን ከእርሱ የሁለት ወር አይብ መግዛት አይመከርም፤ የሳምንቱን ለስላሳ አይብ ቢሸምቱ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ የወተቱ ነው። ከየትኛው አካባቢ፣ ከስንት አርቢ፣ ጠዋት የታለበው ወይስ ያደረው፣ የተፈላ ነው ወይስ ጥሬ? አነስተኛው ሱቅ ከሌሎቹ ሁለቱ የሚበልጠው ይህን ሁሉ ሊመልስ በመቻሉ ነው፤ ፋብሪካው ከመቶ አርቢዎች ወተት ያቀላቅላል፣ የገበያዋ ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎረቤቶቿንም ይዛ ትመጣለች። መልስ መስጠት የሚችል ሰው መልስ ካልሰጠ ያ ራሱ መልስ ነው። ማርጊያው የምን እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ሬኔት በጥንቱ አሠራር ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ሲሆን ዛሬ ከሻጋታ ወይም ከሌሎች ረቂቅ ሕዋሳት የሚገኝም አለ፤ ይህ በተለይ የሐላል ጉዳይ ለሚያሳስባቸው ቤተሰቦች አስፈላጊ ነው።

ሦስተኛው ስለ ስሙ ነው። አንዳንድ ሱቆች የራሳቸውን አይብ «ፓርሚጃኖ» ወይም «ፌታ» ብለው ይሰይሙታል። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ በሰሜን ጣሊያን በፓርማ፣ በሬጆ ኤሚሊያ፣ በሞዴና እንዲሁም በቦሎኛና በማንቶቫ ከፊል አካባቢዎች ብቻ የሚሠራ፣ ቢያንስ 12 ወር የሚቆይ አይብ ነው፤ ፌታ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2002 ጀምሮ የግሪክ ብቻ የሆነና ቢያንስ 70 በመቶ የበግ ወተት ያለበት ነው። የላም ወተት ይዞ ሐዋሳ ውስጥ የተሠራ አይብ ሁለቱንም ሊሆን አይችልም፤ ሊሆንም አያስፈልገውም። ለእኔ ይበልጥ የሚያስከብረው «የሐዋሳ ጠጣር አይብ፣ የሦስት ወር» ብሎ በእጅ ጽሑፍ ለጥፎ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ ገዢው ከሩቅ ሀገር አይብ ጋር ሳያወዳድር ያለውን ጣዕም እንዲቀበል ያደርገዋልና።

ሱቁ ውስጥ ዓይን የሚያየውም ብዙ ይናገራል። አይቡ በመስኮት ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ከሆነ፣ ለሞርታዴላና ለአይብ አንድ ቢላዋ ከዋለ፣ የተቆረጠው ፊት ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ዘይት ካላበ ወደ ኋላ ማለት ይገባል። ቅርፊቱ ላይ የሚታይ ደረቅ ግራጫ ሻጋታ ግን በራሱ ችግር አይደለም፤ በብዙ የቆዩ አይቦች ላይ የሚጠበቅ ነው፤ ውስጡ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ቅርፊቱ ተነሥቶ ይበላል። አብረው የሚሸጡት ማር፣ ማርማላታና የወይራ ፍሬ ሱቁን ያሳምሩታል እንጂ የአይቡን ጥራት አይመሰክሩም።

ዋጋው ውድ ነው ወይስ ተገቢ?

በአነስተኛው ሱቅ ላይ የሚነሣው ተደጋጋሚ ቅሬታ ዋጋ ነው፤ ቅሬታውን ግን በቀላል ስሌት መመርመር ይቻላል። አንድ ኪሎ ጠጣር አይብ ለመሥራት በአማካይ 10 ሊትር ወተት ያስፈልጋል። ስለዚህ የዕለቱን የአንድ ሊትር ወተት ዋጋ በ10 ማባዛት፣ በዚያ ላይ የጨው፣ የማርጊያ፣ የመብራትና የሠራተኛ ወጪ መጨመር፣ ከዚያም አይቡ በመቆየቱ የሚያጣውን ውኃ ማሰብ ነው። ከዚህ ስሌት በታች የሚሸጥ «የቆየ አይብ» ካለ ወይ አልቆየም፣ ወይ ከወተት ብቻ አልተሠራም። ከስሌቱ ሁለት እጥፍ በላይ የተጠየቀ እንደሆነ ደግሞ ገዢው ምክንያቱን ለመጠየቅ መብት አለው።

ለጋው አይብም ኪሎው እስከ 8 ሊትር ወተት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከዚያው ወተት ቅቤው አስቀድሞ ወጥቶ ለብቻው ስለሚሸጥ አይቡ በርካሽ መገኘቱ ጥርጣሬ ሊያሳድር አይገባም። ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ያኛው ይህን ያህል፣ ይሄኛው ለምን?» ማለት ስለዚህ ፍትሐዊ አይደለም።

ጾምና የአይብ ገበያ

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ የነቢያትንና የፍልሰታን ጾም ጨምሮ በዓመት ውስጥ ለብዙ ቀናት ወተትና የወተት ውጤት አይመገቡም። በሐዋሳ የፕሮቴስታንትና የሌሎች እምነቶች ተከታዮች ብዙ ስለሆኑ ገበያው እንደ አንዳንድ የሰሜን ከተሞች ጨርሶ አይቀዘቅዝም፤ ቢሆንም የወተት ፍላጎት ይቀንሳል፣ ላሟ ግን አትጾምምና ወተቱ ይተርፋል።

በዚህ ሰሞን ሦስቱ አማራጮች በተለያየ መንገድ ይነካሉ። የገበያው ለጋ አይብ ቶሎ ስለማይሸጥ የቆየ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ምርመራው መጥበቅ አለበት። የታሸገው ምርት መደርደሪያ ላይ ስለሚሰነብት ቀኑን ደጋግሞ ማየት ይሻላል። ራሱ የሚሠራው ሱቅ ግን የተረፈውን ወተት በመልካም ዋጋ ተቀብሎ ወደ ጠጣር አይብ ሊለውጠው ይችላል፤ በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ የተጨመቀ አይብ ለፋሲካ ሲደርስ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ብቻ ይቀረዋል። ለፋሲካ ገበታ ጠጣር አይብ የሚፈልግ ሰው በጾሙ አጋማሽ ሄዶ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ አርቢውም በዚያው ምክንያት ወተቱን ሳይደፋ ይሸጣል። አነስተኛ ሱቆችን መደገፍ ይገባል ስል በዋናነት የማስበው ይህን ነው።

ጥንቃቄ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች

ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብ የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንዲሁም ብሩሴላና ሊስቴሪያ የተባሉትን ተሕዋስያን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሊስቴሪያ ለነፍሰ ጡር በተለይ አደገኛ ነው፤ ፅንስ እስከ ማስወረድ ይደርሳልና። በአሜሪካ ሕግ ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብ ለመሸጥ ቢያንስ 60 ቀን መቆየት ይኖርበታል፤ ጨውና ጉምዘዛ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹን ጀርሞች ያዳክማሉ፤ ሆኖም ፍጹም ዋስትና አይደለም። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ያለ ሰው ምርጫው አጭር ነው፦ ወተቱ መፈላቱ በጽሑፍ የተረጋገጠ የታሸገ አይብ፣ ወይም ወተቱን እንደሚያፈላ በግልጽ ከሚናገርና መሣሪያውን ከሚያሳይ ሱቅ የተገዛ። የገበያውን ለጋ አይብ ለእነዚህ ሰዎች ማቅረብ የግድ ከሆነ ወጥ ውስጥ ገብቶ በደንብ ከተንተከተከ በኋላ ይሁን።

ወተት ጠጥተው ሆዳቸው ለሚነፋ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በለጋ አይብ ውስጥ የቀረው አጓት የወተት ስኳር ስላለበት ሊያስቸግራቸው ይችላል፤ ለወራት በቆየ ጠጣር አይብ ውስጥ ግን ይህ ስኳር ጨርሶ ሊጠፋ ስለሚቃረብ አብዛኞቹ ያለ ችግር ይመገቡታል።

ወደ ቤት ከገባ በኋላ

ለጋ አይብ በፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ ቢቀመጥ እስከ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ያለ ፍሪጅ ግን በሐዋሳ ሙቀት ከሁለት ቀን በላይ ማመን አይገባም። በጎጃም አንዳንድ አካባቢዎች ባለሙያ ሴቶች ለጋውን አይብ በቅመም አሽተው ለሳምንታት በማብላላት ለረጅም ጊዜ ያቆዩታል፤ ይህ ግን ጥበቡን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል እንጂ የተረፈ አይብ ማዳኛ ተደርጎ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ጠጣሩን አይብ በፌስታል ማፈን ያልበዋል፤ በሰም በተቀባ ወይም በዳቦ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ከዚያ ክዳኑ በጣም ባልጠበቀ ዕቃ ውስጥ አድርጎ በፍሪጁ የታችኛው መሳቢያ ማስቀመጥ ይበቃል። ከመብላት ግማሽ ሰዓት በፊት አውጥቶ ማቆየት ጣዕሙን ይመልስለታል። ላዩ ላይ ሻጋታ ቢወጣ ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቆርጦ ጥሎ የቀረውን መብላት ይቻላል፤ ለስላሳ ወይም ለጋ አይብ የሻገተ እንደሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ይጣላል።

መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ከግማሽ ኪሎ በላይ በአንድ ጊዜ ባይገዛ ይመረጣል። ከዚያ የበለጠ ከተገዛ ትርፉን ፈግፍጎ በትንንሽ ዕቃ በበረዶ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል፤ በረዶ ሲቀልጥ አይቡ ስለሚፈረፈር ለዳቦ ባይሆንም ለፓስታና ለሾርባ ያገለግላል፤ ሳይቀልጥ በቀጥታ ትኩሱ ምግብ ላይ ቢነሰነስም ይሆናል።